ስብራት ላይ የሚታሰረው ብረት ከሥሩ ያለውን አጥንት ምን ያደርገዋል?

ክንዱ ወይም እግሩ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ብረት የገባለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ምክር ሰጪው ብዙ ነው። አንዱ "ቶሎ አስወጣው፣ ብረት አጥንት ይበላል" ይለዋል። ሌላው "አንዴ ከገባ አይነካም" ይላል። ሐኪሞችም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ለአንዱ ታካሚ "ካላስቸገረህ ይኑር" ይባላል። ለሌላው "ከሁለት ዓመት በኋላ እናወጣዋለን" ይባላል። ሁለቱን የሰማ ሰው አንዱ ሐኪም የተሳሳተ ይመስለዋል።

ብዙ ጊዜ ግን ማንም አልተሳሳተም። መልሱ የሚለያየው የተሰበረው አጥንት፣ የገባው ብረትና የታካሚው ዕድሜ ስለሚለያዩ ነው። ለሁሉም መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፤ ብረቱ ከሥሩ ያለውን አጥንት ምን ያደርገዋል?

ባጭሩ፣ ብረት አጥንት አይበላም። አጥንቱ ግን ከብረቱ ሥር እንደ ድሮው ሆኖ አይቀጥልም። ሁለት ነገር ይቀንስበታል፤ ሸክምና ደም። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ይጎዳዋል የሚለው በአጥንት ሕክምና ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ያከራከረ ጉዳይ ነው። የዛሬዎቹ ብረቶች ቅርጽም የተገኘው ከዚህ ክርክር ነው።

ነገሩ ብዙ ቤት ይነካል። የመኪና አደጋ፣ ከግንባታ ላይ መውደቅ፣ የቅርብ ዓመታቱም ጦርነት ብዙ ኢትዮጵያውያን በአካላቸው ብረት ይዘው እንዲኖሩ አድርገዋል። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ በዚያ እጅና እግር ገና ረጅም ዘመን ይሠሩበታል። ስለዚህ ምን እንደያዙ ማወቅ ይገባቸዋል።

እዚህ የምናወራው ስለ ፕሌት ነው። ፕሌት በአጥንቱ ገጽ ላይ ተቀምጦ በብሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት ነው። በአጥንቱ መሐል፣ በመቅኔው ቦታ የሚገባው ረጅም ዘንግ ከዚህ ይለያል፤ ወደ እሱ በኋላ እንመጣለን።

አጥንት የሚሸከመውን ያውቃል

ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ አጥንት እንደሚሸከመው ሸክም ራሱን ይለውጣል አለ። ሸክም ሲበዛበት ይወፍራል፣ ሲቀንስበት ይሳሳል። ዝርዝሩ ላይ ከዚያ ወዲህ ብዙ እርማት ተደርጓል። መሠረቱ ግን ዛሬም አልተናወጠም። ከልጅነታቸው ጀምረው ቴኒስ የሚጫወቱ ሰዎች ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንቱ ከሌላኛው ይወፍራል። የጠፈር ተጓዦች ደግሞ ክብደት በሌለበት ሲቆዩ ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ገደማ ያጣሉ። ምንም አልተሰበሩም፣ ብረትም አልገባላቸውም። የጎደለው ሸክም ብቻ ነው።

ይህን ሥራ የሚመሩት ኦስቲዮሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። በጠንካራው አጥንት ውስጥ ተቀብረው ይኖራሉ። አጥንቱ ሲጫን በጥቃቅን ቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ ሕዋሳቱ ያንን ይሰማሉ። እንቅስቃሴው ሲጠፋ ስክለሮስቲን የሚባል ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ። ይህ ፕሮቲን አዲስ አጥንት መሠራቱን ይገታል።

ሌላም ነገር አለ። አጥንት ጤነኛ ሰው ላይም ሳያቋርጥ ይታደሳል። ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሕዋሳት አሮጌውን እየቦረቦሩ ያነሳሉ። ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ከኋላ እየተከተሉ አዲስ ይሞላሉ። መቦርቦሩ የሳምንታት ሥራ ነው፤ መሙላቱ ግን ወራት ይፈጃል። ይህን የጊዜ ልዩነት ልብ በሉልኝ፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ ቁልፍ ነው። እድሳቱ በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ከበዛ አጥንቱ ለጊዜው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ራጅ ላይ የሳሳ መስሎ ይታያል። ጥንካሬውም በእውነት ይቀንሳል።

ብረቱ የሚወስደው ድርሻ

አንድ ቁስ ሲጫን ወይም ሲጎተት ምን ያህል ግትር እንደሆነ በጊጋፓስካል ይለካል። የአጥንት ጠንካራው ክፍል ከ15 እስከ 20 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። ለፕሌት የሚውለው የታይታኒየም ቅይጥ 110 ገደማ ይደርሳል። የማይዝገው ብረት 190 ገደማ ነው። ስለዚህ አጥንቱ ከራሱ ከስድስት እስከ አሥር እጥፍ ገደማ ከሚገትር ነገር ጋር ነው የታሰረው።

ሁለት ሰዎች አንድ ግንድ ጎን ለጎን ሆነው ሲሸከሙ አንዱ ትንሽ ዝቅ ካለ ክብደቱ ቀጥ ብሎ በቆመው ትከሻ ላይ ያርፋል። ፕሌትና አጥንትም እንደዚሁ ናቸው። አጥንቱ በተፈጥሮው ትንሽ ይለመጣል፤ ብረቱ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሸክሙ ወደ ብረቱ ይሄዳል፣ አጥንቱም ሥራ ይፈታል። ባለሙያዎቹ ይህን ስትረስ ሺልዲንግ ይሉታል፤ አጥንቱ ከሸክም መከለሉ ማለት ነው።

ቁሱ ግን ብቻውን አይወስንም። ቅርጹ ከቁሱ ባልተናነሰ ይወስናል። የአንድ ፕሌት ውፍረት በእጥፍ ቢጨምር ላለመታጠፍ ያለው ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል። ቀጭን የብረት ፕሌት ከወፍራም የታይታኒየም ፕሌት ይበልጥ ሊለመጥ የሚችለው ለዚህ ነው። "ታይታኒየም ስለሆነ ለአጥንቱ ለስላሳ ነው" የሚለው ወሬም ሁልጊዜ አይሠራም። በጣም የሚከለለው ትልቅ ፕሌት የታሰረበት ትንሽ አጥንት ነው። የታችኛው ክንድ ሁለቱ አጥንቶች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ድሮ ባለ 4.5 ሚሊሜትር ብሎን ወፍራም ፕሌት ይታሰርባቸው ነበር። ዛሬ ባለ 3.5 ሚሊሜትሩ የተለመደ ሆኗል።

ከለላው በራሱ ክፉ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሰበረው አጥንት ምንም ሊሸከም አይችልም፤ ፕሌቱ የገባው ሊሸከምለት ነው። ጥያቄው የሚመጣው አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ነው። ያኔ አጥንቱ መሥራት ይችላል፤ ብረቱ ግን ድርሻውን ይዞ ይቆያል።

ደሙስ?

ሁለተኛው ምክንያት ከሸክም ጋር ግንኙነት የለውም። የረጅም አጥንት ግድግዳ ደም የሚያገኘው ከሁለት አቅጣጫ ነው። የውስጠኛው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በመቅኔው በኩል ከሚመጡ ሥሮች ይጠጣል። የውጨኛው አንድ ሦስተኛ ደግሞ አጥንቱን ከሸፈነው ስስ ልባስ ነው። አጥንቱ ሲሰበር የውስጡ ሥሮች ይበጠሳሉ። ሐኪሙ ፕሌቱን ለማስቀመጥ ሥጋውን ሲገልጥ የውጭዎቹም ይነካሉ። ከዚያ ፕሌቱ በብሎን ተጠብቆ አጥንቱ ላይ ይጫናል። ድሮ የነበረው ፕሌት የሚይዘው በዚያ ጫና በሚፈጠረው ሰበቃ ስለነበር አጥብቆ መጫን ግድ ነበር። በመሐል የተጨፈለቁት ሥሮች ደም አያልፍባቸውም።

ውጤቱ ከፕሌቱ ሥር ያለው የአጥንት ቁራጭ መሞቱ ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን የሞተ አጥንት ወዲያው አይፈርስም። ጥንካሬው ይቆያል። ሰውነት ቀስ በቀስ እየቦረቦረ በሕያው አጥንት ይተካዋል። መቦርቦሩ ከመሙላቱ ስለሚቀድም ግን ቦታው ለወራት ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይቆያል።

በስዊዘርላንድ ዳቮስ የሠራው ተመራማሪ ስቴፋን ፔረንና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ዋናው ምክንያት ይህ ነው ብለው ተከራከሩ። ማስረጃቸው ጠንካራ ነበር። ቀዳዳዎቹ የሚታዩት ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ወሰናቸው ደም ከተቋረጠበት ቦታ ጋር ይገጥማል። ከጊዜ በኋላም ይሞላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከአጥንቱ ጋር ይበልጥ የሚለጠፉ ለስላሳ የፕላስቲክ ፕሌቶች ሲሞከሩ ቀዳዳው ብሶ ተገኘ። ጥፋቱ የከለላው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስላሳው ፕሌት የተሻለ ውጤት ባሳየ ነበር።

በሌላ ወገን የቆሙት ደግሞ የካናዳውን ሐንስ ኡትሆፍን ሥራ ያነሳሉ። እሱና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት ፕሌቱ ሲቆይ የአጥንቱ ግድግዳ ራሱ እየሳሳ መሄዱን አዩ። የማይዝገውን ብረት ከታይታኒየም ቅይጥ ጋር ሲያወዳድሩም ግትሩ ብረት ያለበት አጥንት ይበልጥ አጣ። ይህን በደም ብቻ ማስረዳት ይከብዳል።

እንደ እኔ አረዳድ ሁለቱ ወገኖች የሚያወሩት ስለተለያዩ ጊዜያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታየው ቀዳዳ በአብዛኛው የደም ጉዳይ ነው፤ ያልፋል። ከዓመት በኋላ የሚቀረው መሳሳት የሸክም ጉዳይ ነው፤ ብረቱ እስካለ ድረስ ይቆያል። ይህ አስታራቂ አነባበብ ሁሉንም ጥያቄ አይዘጋም። ለምሳሌ ደም እንዳይታፈን ተብሎ የተሠራው ፕሌት በኋላ በእንስሳት ሲፈተሽ አንዳንድ ጥናቶች ከድሮው ፕሌት ልዩነት አላገኙበትም። ቢሆንም አንዱን ምክንያት ብቻ ከያዘ ማብራሪያ ይልቅ ሐኪሞች በየቀኑ ከሚያዩት ጋር የሚስማማው ይህ ነው።

ፕሌቱ ራሱ እንዴት ተለወጠ

አጥንትን በፕሌት የማሰር ሥራ በጽሑፍ የተገለጸው በ1886 ነው፤ የሃምቡርጉ ካርል ሃንስማን ነው የገለጸው። የዚያን ዘመን ብረት ይዝግ ነበር፣ ቁስሉም ያመረቅዝ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1958 አንድ የስዊዘርላንድ ቀዶ ሐኪሞች ቡድን ኤኦ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት ነው። ሞሪስ ሙለርና ማርቲን አልገወር ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው። መርሐቸው ግልጽ ነበር። የተሰበረውን በትክክል አጋጥም፣ አጥብቀህ እሰር፣ ታካሚውን ቶሎ አንቀሳቅስ። ከዚያ በፊት ሰው ለወራት በጄሶ ወይም አልጋ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይ ነበር። መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል። ስለዚህ የፕሌትን ጉዳት ስናወራ ያዳነውንም መርሳት አይገባም።

በ1969 ይፋ የሆነው ፕሌት ቀዳዳዎቹ ዘንበል ያሉ ነበሩ። ብሎኑ ሲጠብቅ ሁለቱን የአጥንት ጫፎች ያጠጋጋቸዋል። አጥንቱ በዚህ መልክ ከተጠጋጋ በዙሪያው ጉብታ ሳይሠራ በቀጥታ ይገጥማል። ራጁ ንጹሕ ይሆናል። ችግሩም እዚያው ነው። በስብራት ዙሪያ የሚበቅለው ጉብታ፣ ካለስ የሚሉት፣ አጥንቱን እንደ ቀለበት የሚያጠናክር ነው። እሱ በሌለበት አጥንቱ የሚገጥመው መስመሩን በሚያቋርጡ ጥቃቅን የእድሳት ቦዮች ብቻ ነው። ይህ ቀርፋፋ ሥራ ነው። ራጅ ላይ መስመሩ ጠፍቶ ሳለ ጥንካሬው ገና ላይመለስ ይችላል።

በ1990 አካባቢ ከሥሩ ገባ ገባ ተደርጎ የተፋቀ ፕሌት መጣ። የሚነካው የአጥንት ስፋት አነስተኛ ነው፤ ዓላማው ደሙን ማሳለፍ ነበር። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ሎኪንግ ፕሌት የሚባለው ተስፋፋ። የብሎኑ ራስ ጥርስ አለው፤ ከፕሌቱ ጋር ራሱን ይቆልፋል። ስለዚህ ፕሌቱን አጥንቱ ላይ መጫን አያስፈልግም። አጥንታቸው ለሳሳ አረጋውያን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ተራ ብሎን በሳሳ አጥንት ላይ አይዝማ።

ያልተጠበቀው ችግር ግን ከዚሁ መጣ። የተቆለፈው ፕሌት አንዳንዴ ከመጠን በላይ ግትር ይሆናል። ስብራት እንዲገጥም መጠነኛ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። በ1985 አለን ጉድሺፕና ጆን ኬንራይት በበጎች ላይ ባሳተሙት ሙከራ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በሚሊሜትር መጠን እንዲንቀሳቀስ የተደረገው ስብራት ፍጹም ከታሰረው በተሻለ ገጠመ። ፔረንም ወሰኑን በቁጥር አስቀምጦታል። ክፍተቱ ውስጥ ያለው ለጋ ሥጋ የራሱን ርዝመት ያህል፣ ማለትም 100 በመቶ ቢለጠጥ ይችላል። ልምአጥንት 10 በመቶ ገደማ ይችላል። አጥንት ግን ከ2 በመቶ በላይ ከተለጠጠ አይሠራም። እንቅስቃሴው ከበዛ አጥንት አይመጣም፤ ጨርሶ ከጠፋም ጉብታው አይበቅልም።

ከጉልበት በላይ ያለው የጭን አጥንት ጫፍ ሲሰበርና በሎኪንግ ፕሌት ሲታሰር ይህ በዓይን ይታያል። ጉብታው ከፕሌቱ ራቅ ባለው ጎን ይበቅላል። ከፕሌቱ ሥር ያለው ጎን ግን ትንሽ ብቻ ያወጣል ወይም ባዶ ይቀራል።

ብሎን መቁጠርም ብዙ ታካሚ የሚያደርገው ነገር ነው። ራጁን አይቶ "ሦስት ቀዳዳ ባዶ ትቶብኛል" ብሎ የሚጨነቅ አለ። ብዙ ጊዜ ባዶው ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ለስብራቱ ቅርብ ያሉት ቀዳዳዎች ባዶ ከሆኑ በመሐል ያለው የፕሌቱ ክፍል ይረዝማል፤ ያኔ ትንሽ ይለመጣል። አጥንቱ ብዙ ቦታ ከተሰባበረ ይህ የተሻለው አሠራር ነው። ሁሉንም ቀዳዳ በብሎን መሙላት ጥሩ ሥራ ማለት አይደለም።

ይውጣ ወይስ ይኑር?

ብዙ ሰው ወደዚህ ጽሑፍ የሚመጣው ለዚህ ጥያቄ ይመስለኛል። አንድ ነገር በደንብ ይታወቅ። ብረቱ ሲወጣ አጥንቱ ወዲያው ወደ ድሮው ጥንካሬ አይመለስም። በተቃራኒው፣ በጣም የሚጋለጠው ልክ ብረቱ በወጣ ማግስት ባሉት ሳምንታትና ወራት ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው እስካሁን ያየነው ነው። ለዓመት ከዚያም በላይ ከሸክም የተከለለው አጥንት ሳስቷል፤ ሸክሙ ግን በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ይመለስበታል። ሁለተኛው የብሎኖቹ ቀዳዳ ነው። ስፋቱ የአጥንቱን ዲያሜትር አንድ አምስተኛ የሚያህል ቀዳዳ አጥንቱ መጠማዘዝን የሚቋቋምበትን ኃይል በሲሶ ያህል ይቀንሰዋል። ኃይሉ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ስለሚከማች ነው። ቀዳዳዎቹ በጊዜ ይሞላሉ፤ እስኪሞሉ ግን ደካማ ቦታዎች ናቸው።

የታችኛው ክንድ ፕሌት ከወጣ በኋላ እንደገና የሚሰበረው ስንቱ ነው ለሚለው ጥናቶቹ በጣም ይለያያሉ። ከጥቂት በመቶ የሚጀምሩ አሉ፤ ከ20 በመቶ በላይ ያገኙም አሉ። ልዩነቱን ያመጡት ነገሮች ግን ይታወቃሉ። ትልቁ ፕሌት፣ ቶሎ ማውጣት፣ ክፉኛ የተሰባበረ አጥንትና መጀመሪያውኑ በደንብ ያልገጠመ ስብራት አደጋውን ይጨምራሉ። ብዙ ሐኪሞች የአዋቂን የክንድ ፕሌት ከ18 እስከ 24 ወር ሳይሞላ የማይነኩት ለዚህ ነው። ካወጡ በኋላም ክንዱን ለሳምንታት ይደግፉታል፣ ከባድ ሥራና ስፖርት ለወራት ይከለክላሉ።

ማውጣቱ ራሱ እንደገና ቀዶ ጥገና ነው። ማደንዘዣ አለው፣ ማመርቀዝ ሊኖረው ይችላል። በላይኛው ክንድ ላይ ፕሌቱ አጠገብ የሚያልፈው ነርቭ ከተነካ እጅ ከአንጓው ወደ ላይ መነሳት ያቅተዋል። ታይታኒየም ደግሞ አጥንት ደህና አድርጎ ይለጠፍበታል። ይህ ሲገባ ጥሩ ነው፤ ሲወጣ ግን ያስቸግራል። የተቆለፈ ብሎን ራሱ ተበልቶ አልፈታ የሚልበት ጊዜም አለ።

እዚህ ላይ የአገራት ልማድም ይለያያል። በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ብረት ማውጣት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ሥራ ነው። በሌሎች ብዙ ቦታዎች ምንም የማያስቸግር የአዋቂ ፕሌት ይተዋል። የሚያወጡት የሚሉት አጥንቱ ሸክሙን ይረከብ፣ ብረት የያዘ ሰው ሌላ ጊዜ ቢወድቅ ፕሌቱ ጫፍ ላይ ይሰበራል ነው። እውነት ነው፤ ግትሩ ብረት አልቆ አጥንቱ ብቻውን የሚጀምርበት ቦታ ኃይል ይከማችበታል። የሚተዉት ደግሞ የተረጋገጠውን የማውጣት አደጋ ምናልባት ለማይመጣ አደጋ ብሎ መቀበል ትክክል አይደለም ይላሉ። ምንም ለማያመው አዋቂ ሁለተኛው ሐሳብ የበለጠ ያሳምነኛል። ለወጣት ስፖርተኛ ወይም ቆዳው ሥር ብረቱ ለሚቆረቁረው ሰው ሚዛኑ ሊለወጥ ይችላል።

ልጆች ለብቻቸው ይታያሉ። አጥንታቸው ስለሚያድግ ብረቱን ሊሸፍነውና ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ለእነሱ ማውጣት ይበልጥ የተለመደ ነው፤ ጊዜውም ከአዋቂ ይቀድማል።

"ብረት አጥንት ይበላል" የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

ሰው ያየውን ነው የሚያወራው። ብረት ገብቶለት አጥንቱ እየሟሟ የሄደ ሰው በእርግጥ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን አጥንቱን የበላው ብረቱ አይደለም፤ ብረቱ ላይ የሰፈረው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ በብረት ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይኖራል። በዚያ ሽፋን ውስጥ እያለ የሰውነት መከላከያም መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም። በብሎኖቹ ዙሪያ ያለው አጥንት ይሟሟል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ራጅ ላይ በዙሪያው ጥቁር ቀለበት ይታያል። ቁስሉ እየደረቀ እንደገና የሚፈስ ከሆነ፣ ቦታው የሚቀላና የሚሞቅ ከሆነ፣ ወይም ጠፍቶ የነበረው ሕመም ከወራት በኋላ ከተመለሰ ሳይዘገዩ መታየት ያስፈልጋል። ይህ ከሸክም መከለል ጋር ምንም አያገናኘውም። በጊዜ ካልተያዘ እግር ያሳጣል።

ሌላው ምክንያት የፕሌቱ መሰበር ነው። ብረትም ይደክማል። አጥንቱ ካልገጠመ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚታጠፈው ብረቱ ነው፤ ከብዙ ሺህ ጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ፕሌት ሲሰበር ሰው "ብረቱ መናኛ ነው" ይላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን አጥንቱ ለምን አልገጠመም የሚለው ነው። ሲጋራ ማጨስ፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ ድብቅ ባክቴሪያ፣ ከተፈቀደው ቀድሞ መርገጥ ሁሉም ሊሆን ይችላል።

ስለ ዝገትና ስለ ብርድ በአጭሩ። የዛሬው የማይዝግ ብረት እንደ ድሮው አይበሰብስም፤ ብሎኑና ፕሌቱ በሚፋተጉበት ቦታ ግን ጥቂት ሊበላ ይችላል። ኒኬል ስላለበት ለኒኬል አለርጂ ያለው ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት። በብርድ ጊዜ መጠዝጠዝ ብዙዎች የሚናገሩት ነው፤ በተለይ ቆዳ ስስ በሆነበት ቦታ፣ በቅልጥም፣ በቁርጭምጭሚትና በአንገት አጥንት ላይ። አጥንቱ እየተበላ ነው ማለት ግን አይደለም። ኤምአርአይ መነሳትም በአብዛኛው ይቻላል። ምስሉ በብረቱ ዙሪያ ይበላሻል፤ ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ግን ግዴታ ነው።

ዘንግ ወይስ ፕሌት፣ እኛ አገር

ለጭንና ለቅልጥም አጥንት መካከለኛ ክፍል ስብራት ዛሬ በብዛት የሚመረጠው በመቅኔው ቦታ የሚገባው ዘንግ ነው። ዘንጉ በአጥንቱ መሐል ስለሚቀመጥ ሸክሙን ከአጥንቱ ጋር ይካፈላል። ትንሽ እንቅስቃሴ ስለሚፈቅድ ጉብታ ይበቅላል። የመቅኔውን ሥሮች ይጎዳል፤ የውጨኛውን ልባስ ግን በአብዛኛው አይነካም። በኢትዮጵያ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በተለያዩ ሆስፒታሎች የሚሠራበት የሳይን ዘንግ የታሰበው ለዚህ ነው። በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ተንቀሳቃሽ ራጅ ሳይኖር እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። የሚሠራው ሳይን የተባለ ድርጅት ዘንጉን በእርዳታ ስለሚሰጥ አቅም ለሌለው ታካሚ ትልቅ ነገር ነው።

የታችኛው ክንድ ግን ፕሌት ይፈልጋል። ሁለቱ አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ እየዞሩ ነው መዳፍን የሚገለብጡት። ትንሽ ቢጣመሙ እጅ አይዞርም። መገጣጠሚያ አጠገብ ያለ ስብራትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ "ለእሱ ዘንግ፣ ለእኔ ለምን ፕሌት?" የሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የስብራቱ ቦታ ነው።

እኛ ዘንድ የሚከብደው ክትትሉ ነው። ከገጠር መጥቶ የታከመ ሰው ለራጅ ቀጠሮ እንደገና አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ይቸግረዋል። ሕመሙ ሲጠፋ "ድኛለሁ" ብሎ ይቀራል። ሕመም መጥፋቱ ግን አጥንቱ ገጥሟል ማለት አይደለም፤ ብረቱ ስለያዘው ብቻ ላያም ይችላል። ቀኑ ሳይደርስ እርሻ ወይም ሸክም የሚጀምር ሰው ፕሌቱ እስኪደክም ድረስ ምንም ላይታወቀው ይችላል። ብረት ያለበትን ቦታ በወጌሻ ማሳሸትም አጥንቱን አያፈጥነውም፤ ገና ያልገጠመውን ሊያናጋው ይችላል። መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ የሚረዳው ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየው እንቅስቃሴ ነው።

በሌላ በኩል ፈርቶ መቀመጥም ዋጋ አለው። ሐኪሙ "አሁን ርገጥ" ካለ በኋላም ለወራት በክራንች ብቻ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ብረቱ የከለለውን አጥንት እነሱ ደግመው ይከልሉታል። ከተፈቀደ በኋላ ቀስ በቀስ የሚጨመር ሸክም አጥንቱ ራሱን እንዲያወፍር የሚያደርግ ዋናው ምልክት ነው።

ለሐኪሙ ሊቀርቡ የሚገባቸው ጥያቄዎችም ከዚህ ይነሳሉ። ስብራቱ የሚገጥመው በጉብታ ነው ወይስ በቀጥታ? መቼ፣ ምን ያህል ልርገጥ? ብረቱ የሚወጣ ከሆነ ከስንት ወር በኋላ፣ ለምን? ከወጣ በኋላስ ለስንት ጊዜ ነው የምጠነቀቀው?

የገባውን ብረት ዓይነት የሚገልጽ ወረቀትም መጠየቅና ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የብሎኖቹ ራስ እንደ አምራቹ ይለያያል። አንዱ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፣ ሌላው የኮከብ ቅርጽ አለው። ትክክለኛው መፍቻ ከሌለ ቀላሉ ሥራ ረጅምና አስቸጋሪ ይሆናል። በሳዑዲ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት ተሰብረው እዚያው ብረት ገብቶላቸው የተመለሱ እህቶችና ወንድሞች ላይ ይህ ችግር ይበረታል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ራጁን ብቻ አይቶ የትኛውን መፍቻ እንደሚያዘጋጅ መገመት ይኖርበታል። ከመመለሳቸው በፊት የቀዶ ጥገናውን ማጠቃለያና የብረቱን ዓይነትና ቁጥር የያዘውን ወረቀት ቢቀበሉ፣ ባይሆን እንኳ በስልክ ፎቶ አንስተው ቢይዙ፣ ከዓመታት በኋላ ለሚያወጣላቸው ሐኪም ብዙ ያግዘዋል።